የዴዶ ሕዝብ አልተሰደደም፤ የተቀየረው ወሰኑ ነው
ስለ ጅማ ዞን ወረዳዎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የጅማ ዞን ወረዳዎችን የሕዝብ ብዛትና የአስተዳደር አከፋፈል ይመለከታል። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ስለ ወረዳ አከፋፈል ሰንጠረዥ ሠርቶ፣ ስሙን ከሥሩ አስፍሮ የሚጽፍ ሰው እምብዛም የለም። የደረሱባቸው ድምዳሜዎች ግን አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው። ስሕተቱም እንደ ቀላል የቁጥር ግድፈት የሚታለፍ አይደለም። ይህን ጽሑፍ አንብበው "የዴዶ ሕዝብ አገር ጥሎ ሄዷል" የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። በወረዳ ደረጃ በጤና መረጃ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። የተሳሳተ የሕዝብ ቁጥር መጨረሻው ማን ላይ እንደሚያርፍ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ክርክራቸው ለአንድ ዞን ሁለት ዓይነት የሕዝብ ብዛት ይጠቀሳል የሚል ነው። አንዱ ሰነድ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ሲል ሌላው ከ3 ሚሊዮን በላይ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ የተፈበረከ ነው ይላሉ። ቀጥለው ዴዶ፣ ኦሞ ናዳና ሰቃ ጨቆርሳ የተባሉት ወረዳዎች በድሮው ዝርዝር ትልልቅ ሆነው በአዲሱ ማነሳቸውን ያነሱና ሕዝቡ በመሬት ጥበት ተሰዷል ብለው ይደመድማሉ። ሦስተኛው ስለ ከተሜው ነው፦ የዞኑ ከተሜ 11.31 በመቶ ነው ተብሎ ሳለ፣ አጋሮን የምታህል ከተማ ያለችበት የጎማ ወረዳ 4 በመቶ እንኳ አለመሙላቱ ቆጠራው ከተሜውን እንደደበቀ ያሳያል ይላሉ። አራተኛው ብዙ ጭብጨባ ያገኘው ነው፦ አዳዲሶቹ ወረዳዎች የተፈጠሩት ለወንበርና ለፓርላማ መቀመጫ ነው፣ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን ይህ ሁሉ ሹም ሳይኖር አገር ይተዳደር ነበር። በመጨረሻም ትንንሾቹ ወረዳዎች እንዲዋሐዱ፣ በጀት በነፍስ ወከፍ ብቻ እንዲከፋፈል፣ የደርግ ፍጥረት ያሉት ቀበሌም እንዲቀር ይጠይቃሉ።

ከቁጥሩ ልጀምር። የጅማ ዞን ሕዝብ በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 2,486,155 ነበር፤ ወንዶች 1,250,527፣ ሴቶች 1,235,628። ይህ ቆጣሪ ቤት ለቤት ዞሮ የመዘገበው ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚለው ደግሞ ትንበያ ነው፤ ማለትም ያንን ቆጠራ መነሻ አድርጎ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን አስልቶ ለኋለኞቹ ዓመታት የተሠራ ግምት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ላሉት ዓመታት እንዲህ ያለ ግምት በየወረዳው አውጥቶ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም። አንባቢው ራሱ በስልኩ ማስያ ሊሞክረው ይችላል፦ አገሪቱ በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች መካከል በዓመት በአማካይ 2.6 በመቶ ነው ያደገችው፤ 2,486,155ን በዚሁ መጠን ለአሥር ዓመት ቢያሳድጉት 3.2 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ጸሐፊው እንደ ውሸት ማስረጃ ያቀረቡት ልዩነት አሥር ዓመት ሲያልፍ መኖር ያለበት ልዩነት ነው። ባይኖር ኖሮ ነበር መጠርጠር።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው የምለው ነገር አለ። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊደረግ ታስቦ ተራዘመ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። በዚያ ግንቦት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሷል። ትንበያ በረዘመ ቁጥር ስሕተቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ለዞን የማይታይ ስሕተት ለወረዳ ይታያል፣ ለቀበሌ ደግሞ ይጎላል። ጸሐፊው "ቁጥሩ አርጅቷል" ቢሉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ያሉት ግን "ተፈብርኳል" ነው፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

ያረጀ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ከሥራዬ አንድ ነገር ላሳይ። አንድ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ አለው፤ ኬላው እስከ 5,000 ለሚደርስ ሰው ታስቦ የሚቋቋም ሲሆን ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደቡለታል። የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ ወረዳው ለየቀበሌው የሕዝብ ቁጥር ይልካል። ከዚያ ቁጥር ላይ በመቶኛ እየተሰላ ከዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይህን ያህል፣ ነፍሰ ጡሮች ይህን ያህል ተብሎ ይቀመጣል። ክትባቱም፣ ካርዱም፣ መርፌውም በዚያ ልክ ይመጣል። ታዲያ የተላከው ቁጥር በእውን ካለው ሰው ካነሰ፣ የክትባት ሽፋኑ 110 በመቶ ሆኖ ይመጣና ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ክትባቱ ግን ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ከበለጠ ደግሞ ሠራተኛዋ ቀበሌውን ቤት ለቤት ጨርሳ ከትባ እንኳ ሪፖርቷ 70 በመቶ ላይ ይቆማል። በግምገማ ላይ "ቀሪዎቹ ሕፃናት የት ናቸው?" ተብላ ስትጠየቅ አይቻለሁ። የእያንዳንዱ አባወራ ስምና የልጆቹ ዕድሜ የተጻፈበትን የቤተሰብ ፎልደር ይዛ መጥታ ነበር። የሌሉ ሕፃናትን ነበር የተጠየቀችው። ስለዚህ የሕዝብ ቁጥር ጉዳይ ለእኔ የመድረክ ክርክር አይደለም። "ሁሉም ውሸት ነው" ብሎ መተውም ለዚያች ሠራተኛ መፍትሔ አያመጣላትም። ከየት የመጣ ቁጥር ነው፣ የመቼ ነው፣ የትኛውን ቀበሌ አካቶ የትኛውን አወጣ ብሎ መጠየቅ ነው የሚጠቅማት።

ወደ ዋናው ስሕተት ልለፍ። ጸሐፊው ሁለት ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። በአንዱ ዴዶ ትልቅ ነው፣ በሌላው አንሷል። ኦሞ ናዳም እንዲሁ፣ ሰቃ ጨቆርሳም እንዲሁ። "ሕዝቡ ወዴት ገባ?" ብለው ጠይቀው ተሰደደ ብለው መለሱ። ሕዝቡ ግን ያለው እዚያው ቤቱ ነው፤ የተለወጠው የሚቆጠርበት ወረዳ ነው። በ1999 ቆጠራ ዴዶ 288,457 ሰው ነበረው፤ ከዞኑ ገጠር ወረዳዎች ትልቁ እርሱ ነበር። ኦሞ ናዳ 248,173 ነበረው። ከዚያ በኋላ መንቾ ከዴዶ፣ ኦሞ በያም ከኦሞ ናዳ ወጥተው የራሳቸው ወረዳ ሆኑ። መንቾ አካባቢ ያለ ገበሬ ጎጆውን ሳይነቅል፣ እንሰቱን ሳይተው፣ በሬውን ከበረት ሳያወጣ ከ"ዴዶ ሕዝብ" ወጥቶ "የመንቾ ሕዝብ" ሆነ። ይህን ሰው ተሰደደ ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰቃ ጨቆርሳም ታሪኩ ያው ነው፣ ዘመኑ ብቻ ይቀድማል። ሸቤ ሶምቦ ቀድሞ የሰቃ ጨቆርሳ አካል ነበር። በ1999 ቆጠራ ግን ሸቤ ለብቻው፣ ሰቃ ጨቆርሳ በ208,096 ሰው ለብቻው ተመዘገቡ። ከመለያየታቸው በፊት የነበረውን ቁጥር ከኋለኛው ጋር ማነጻጸር፣ እርሻውን ለሁለት ልጆቹ ያካፈለን አባት "ዘንድሮ ምርትህ ለምን ቀነሰ?" ብሎ እንደ መውቀስ ነው። በሰሜን በኩልም ኖኖ በንጃ ከሊሙ ሰቃ ወጥቷል። የሁለት ዘመን ቁጥር ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የተለያዩትን መልሶ መደመር አለበት፦ መንቾን ከዴዶ፣ ኦሞ በያምን ከኦሞ ናዳ፣ ሸቤን ከሰቃ፣ ኖኖ በንጃን ከሊሙ ሰቃ ጋር። ጸሐፊው ይህን ድምር አልሠሩም። ሠርተውት ቢሆን ኖሮ "ተሰደደ" የሚለው የጽሑፋቸው ክፍል ባልተጻፈ ነበር።

ስደት የለም እያልኩ አይደለም። ከጅማ ዞን፣ በተለይ ከአጋሮና ከአካባቢው ገጠር፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ ይህን ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። የመሬት ጥበቱም እውነት ነው። ዞኑ በ1999 በካሬ ኪሎ ሜትር 160 ያህል ሰው ነበረበት፤ ለገጠር ዞን ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ጅማ ሰው የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚገባበትም አገር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከሐረርጌ የመጡ ቤተሰቦች በቅሼና በሌሎች የዞኑ ቆላማ ቦታዎች ሰፍረዋል። የግልገል ጊቤ ግድብ ሲሠራ ደግሞ ውኃው በሚተኛበት መሬት ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ በዚያው ዞን ውስጥ ሆነው ቀበሌ ቀየሩ። ይህ ሁሉ በወረዳ ቁጥር ላይ ይታያል፤ ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው ግን ምክንያቱን አያገኘውም።

በቆጠራ ጭራሽ የማይታይ እንቅስቃሴም አለ። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ሊሙ ኮሳና ወደ ጎማ የቡና እርሻዎች የሚጎርፈውን ለቃሚ ያየ ሰው፣ የአንዳንዱ ቀበሌ ሕዝብ ለሁለት ወር እንደሚያብጥ ያውቃል። ቆጠራው ግን በግንቦት ነበር፤ የሚመዘግበውም የዘወትር ነዋሪውን ነው። ለቃሚው የሚቆጠረው ከመጣበት አገር ነው፤ ሲታመም የሚታከመው ግን እዚህ ጤና ጣቢያ ነው። ጸሐፊው ስለተደበቀ ሕዝብ መጻፍ ከፈለጉ ይህ ነበር ርዕሳቸው።

አሁን ወደ ከተሜው ነገር። ጸሐፊው የጠቀሱት 11.31 በመቶ በኢንተርኔት ላይ ለዓመታት ሲገለበጥ የኖረ አኃዝ ነው፤ እርሳቸው አልፈጠሩትም። ግን ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ቢያካፍሉት ስሕተቱን ያገኙት ነበር። በቆጠራው በዞኑ ከተሜ ተብሎ የተመዘገበው 137,668 ሰው ነው። ይህን ለ2,486,155 ሲያካፍሉ 5.5 በመቶ ነው የሚመጣው። እንዲያውም የጅማ ከተማን 120,960 ሕዝብ ከሁለቱም ወገን ቢደምሩበት 9.9 በመቶ እንጂ 11.31 አይሆንም። ዞኑ ጸሐፊው ካሰቡትም በላይ ገጠር ነው ማለት ነው።

የጅማ ከተማን ለብቻ የደመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ በዞኑ መሐል ተቀምጣለች፣ የዞኑም መሥሪያ ቤቶች ያሉት እዚሁ ነው፤ በአስተዳደር ግን ከዞኑ ውጭ ናት፣ በቆጠራውም ለብቻዋ ነው የተመዘገበችው። የጎማ "እንቆቅልሽ" የሚፈታውም በዚሁ መንገድ ነው። ጎማ በ1999 213,023 ሰው ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ ከተሜው 8,176፣ ማለትም 3.8 በመቶ። አጋሮ ግን በጎማ ተከባ ብትኖርም ራሷን የቻለች የከተማ አስተዳደር ስለሆነች በጎማ ድምር ውስጥ የለችም። የጎማ ከተሞች ተብለው የተቆጠሩት ሌሎቹ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ማንም ማንንም አልደበቀም። አጋሮ ገበያ ወጥቶ የሚውለው የጎማ ገበሬ ከተማ ውሎ ገጠር ነው የሚያድረው፣ ቆጠራም የሚይዘው አዳሩን ነው። የጸሐፊው ትዝብት ዋጋ የለውም አልልም። ከተማውን ከገጠሩ ነጥሎ መቁጠር የገጠሩን ወረዳ ድሃና ጨለማ አስመስሎ ያሳየዋል፤ የዴዶ ከተሜ 2 በመቶ ብቻ መሆኑን ያየ ሰው የወረዳውን ዋና ከተማ ሸኪን ረግጦ የማያውቅ ከሆነ ብዙ ነገር ሊሳሳት ይችላል።

"ለወንበር ነው" ወደሚለው ክርክር ስመጣ፣ ብዙ ሰው የተስማማበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በመጀመሪያ የፓርላማው ነገር ፍጹም ስሕተት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ የሚታሰበው በምርጫ ክልል እንጂ በወረዳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ጠቅላላው ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ በሥራ ላይ ያለውም 547 ነው። ወረዳ ለሁለት ቢከፈል ለአገር ፓርላማ አንድም መቀመጫ አይጨምርም። ኦሞ በያም ወረዳ ስለሆነ ብቻ አዲስ አበባ የሚቀመጥ ተጨማሪ ተወካይ አላገኘም።

የአባ ጅፋሩ ንጽጽርስ? የጅማ ሰው በአባ ጅፋር ቢኮራ ያምርበታል፤ እኔም እኮራለሁ። ግን ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገዙት የነበረው የዛሬውን ዞን አይደለም። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የየራሳቸው ንጉሥ የነበራቸው የጊቤ መንግሥታት ነበሩ፤ ስማቸው ዛሬም በወረዳ ስም ላይ አለ። የጅማ መንግሥት ከዛሬው ዞን ጠበብ ያለ አገር ነበር፤ ያንን ያህል አገር ደግሞ ስድሳ ገደማ ቆሮ ተብለው በሚጠሩ ክፍሎች ከፍለውት በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ የሚባል ሹም ነበር፣ ከሥሩም አባ ገንዳ የሚባል። ንጉሡ ጅሬን ላይ ተቀምጠው ሁሉን በራሳቸው ያዩ ነበር ብሎ ማሰብ ታሪኩን ማሳነስ ነው። የአስተዳደራቸው ብርታት ሹሙ ከሕዝቡ አጠገብ መሆኑ ነበር። ስለ ወረዳ መብዛት ከአባ ጅፋር የሚወሰድ ምስክርነት ካለ፣ ለጸሐፊው የሚመሰክር አይመስለኝም። ዛሬ ዞኑ ያሉት ወረዳዎች ከሃያ ጥቂት ይበልጣሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ በሚሊዮን ነው።

ወረዳ መሆን ለገበሬ ምን እንደሚለውጥ ጸሐፊው አልጻፉም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ የወረዳ አስተዳደር የራሱ ጥቅል በጀት የሚደርሰውና መምህር፣ የግብርና ባለሙያና የጤና ሠራተኛ የሚቀጥር አካል ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚወጣው እዚያ ነው። ክርክር ያለው ሰው የወረዳ ፍርድ ቤት የሚሄደው እዚያ ነው። አንድ አዛውንት የወንድማቸውን ልጅ የወሰን ክርክር ይዘው ሩቅ ከሆነ ቀበሌ ሲመላለሱ አውቃለሁ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋሉ፤ ጎህ ሲቀድ በእግር ተነሥተው አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ መኪና ይጠብቃሉ፤ ወረዳው ከተማ ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ሆኗል። ከምሳ በኋላ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። ማኅተሙ ያለው ኃላፊው ጋር ነው። ያድራሉ፤ ለአልጋ ይከፍላሉ፤ በማግስቱ "የቀበሌው ደብዳቤ ቀን የለውም" ተብለው ይመለሳሉ። ክረምት ከሆነና ወንዝ ከሞላ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ለእንዲህ ያለ ሰው የወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀርብ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ተመልሶ ማደር ቻለ ማለት ነው። ወደ ኦሞ ሸለቆ ወርደው የሚኖሩት የቀድሞ ኦሞ ናዳ ሰዎች ወረዳ ስጡን ሲሉ የኖሩት ወንበር አምሯቸው አይደለም።

ይህን ስል ጸሐፊው በዚህ ክፍል ያነሱትን እውነት አልክድም። አዲስ ወረዳ ሲቋቋም መጀመሪያ የሚመጣው ሹም ነው፤ ቢሮው በኪራይ ቤት ይጀምራል፣ መኪናው አንድ ይሆናል፣ ፍርድ ቤቱና ሆስፒታሉ ኋላ ነው የሚደርሰው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛ የለም፤ አንዱን ወረዳ ሁለት ማድረግ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱን ወጪ ይጨምራል፣ ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈውን ያሳንሳል። ይህ ከባድ ክርክር ነው። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢያተኩሩ፣ የትኛው አዲስ ወረዳ ከተቋቋመ በኋላ ምን አገልግሎት እንደጨመረ፣ የትኛው ዛሬም ዳኛ በተውሶ እንደሚያመጣ ቢመረምሩ ኖሮ ሁላችንንም ይጠቅሙ ነበር። እርሳቸው ግን ሁሉንም በአንድ ቃል "ወንበር" ብለው አለፉት።

በጀት በነፍስ ወከፍ ብቻ ይከፋፈል፣ ትንንሾቹ ይዋሐዱ የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ሁለት ወረዳዎችን፣ ማናንና ጌራን አስተያዩ። ማና በ1999 146,675 ሰው ነበረው፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ቤቱ ተቀራርቦ ነው፣ ጅማ ከተማም አጠገቡ ናት። ጌራ የሕዝቡ ቁጥር ከማና ያንሳል፤ ጫካው ግን ሰፊ ነው፣ ቀበሌዎቹ ተራርቀዋል፣ መንገዱ ያስቸግራል። አንድ ሕፃን ለመከተብ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ጣውላና ቆርቆሮ ለማድረስ ጌራ ላይ የሚወጣው ብር ማና ላይ ከሚወጣው ይበልጣል። ሁለቱን በነፍስ ወከፍ ማስተካከል ለጌራ ልጅ መቀነስ ነው። የሕዝብ ብዛት የቀመሩ ዋና አካል መሆን አለበት፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ቀበሌን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። የገጠር ቀበሌ መነሻው በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር መሆኑ እውነት ነው፤ አንዱ ማኅበር ቢያንስ ሃያ ጋሻ መሬት፣ ማለትም 800 ሄክታር ገደማ እንዲይዝ ነበር የታሰበው። ጸሐፊው በታሪኩ አልተሳሳቱም። ግን የተቋሙ መነሻ ደርግ ስለሆነ ይቅር ማለት ምን ይተካዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ጤና ኬላው፣ የገበሬ ማሠልጠኛው፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ መታወቂያው ሁሉ የታሰሩት በቀበሌ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ወደ 300 መድረሳቸው ከፖለቲካ ቁጥጥር ጋር ይያያዛል የሚሉ ካሉ አብሬያቸው እከራከራለሁ፤ ያ ግን ስለ ምክር ቤቱ አሠራር የሚነሣ ክርክር ነው፣ ቀበሌውን ስለ ማጥፋት አይደለም።

የቀረኝ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ሰው ስክሪን ሾት እያደረገ የሚልከው እርሱን ስለሆነ ማረም ያስፈልጋል። ጅማ አርጆ፣ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ ከጅማ ዞን ወረዳዎች ጋር ተደምረዋል። ጅማ አርጆ ያለው ምሥራቅ ወለጋ ዞን ነው፤ ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ናቸው። ሊሙ ሰቃም ሰቃ ጨቆርሳ ተብሎ በአንድ መስመር ገብቷል፤ አንዱ ከጅማ በስተሰሜን አጥናጎ ከተማ ያለበት፣ ሌላው ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ ወደ ቦንጋ መውጫ ላይ ያለ ሌላ ወረዳ ነው። ጸሐፊው ሦስቱን አውጥተው፣ ሁለቱን ለያይተው፣ መንቾን ከዴዶ ኦሞ በያምን ከኦሞ ናዳ አጠገብ አስቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን "ቆጠራ" ወይም "ትንበያ" እና ዓመቱን ጽፈው እንደገና ቢያወጡት፣ ያንን ሰንጠረዥ እኔም ለሰው እልከዋለሁ።